ኬላው የሚያውቀው ቃሉን ነው

መቼም «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። እኛን ግን በደንብ የገባን ጉንደ ወይን ውስጥ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ወረፋ ይዘን ሳለ ነው። አንዲት እናት ከከተማ የተላከላቸውን ብር ሊያወጡ ስልካቸውን ለባለሱቁ ሰጡ። «እናቴ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይንገሩኝ» አላቸው። «ልጄ የተወለደበት ቀን ነው፤ ምኑ ይረሳል!» ብለው ስድስቱንም አሃዝ ጮክ ብለው ጠሩለት። ወረፋው ሁሉ ሰማ። ሳቅን። ቆይተን ግን አፈርን፤ ከመካከላችን ኢሜይሉን በልደቱ ቀን ያልቆለፈ አልነበረማ!

እስቲ «የይለፍ ቃል» የምንለውን ነገር እናስተውለው። ይለፍ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴው ከጉድሩ ዓባይን ተሻግሮ፣ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ይዞ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደርና ምጽዋ ሲቀጥል በየኬላው ቀራጭ ይጠብቀዋል። በአጼ ምኒልክ ዘመንም ማኅተም ያረፈበት ይለፍ የያዘ መንገደኛ ያልፋል፤ ያልያዘ ይመለሳል። በደርግ ጊዜ ከቦታ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ እንደነበር ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። የኬላው ዘበኛ መንገደኛውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ሌላ ሰው እጅ ከገባ የሚያልፈው ያ ሌላው ሰው ነው።

ኮምፒውተርም እንደ ኬላ ዘበኛው ነው። በአሜሪካው ኤም አይ ቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰው የሚጋራው ኮምፒውተር ሠርተው ለየተጠቃሚው የይለፍ ቃል ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1962፣ አለን ሸር የተባለ ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃ ሲለው የሁሉንም ቃል የያዘውን ፋይል አሳትሞ በሌሎች ስም ገባ። ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ አሳለፈው።

በ2003 ደግሞ ቢል ቡር የተባለ የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት እንድንቀላቅል፣ ቶሎ ቶሎም እንድንቀይር መከረ። ዓለም ሁሉ ተከተለው። በ2017 ግን መጸጸቱን ተናገረ፤ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር እየቀያየረ «ለወጥኩ» ይል ነበርና። የልጅነታችን የወፍ ቋንቋ ማለት ነው፤ ዘዴውን ያወቀ ሁሉ ይሰማዋል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ስድስት አሃዝ አንድ ሚሊዮን አማራጭ አለው። የልደት ቀን ከሆነ ግን በ80 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች 29 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ለሚያውቀን ሰው ደግሞ ምርጫው አንድ ነው! ስለዚህ ቁጥሩ ከሕይወታችን ጋር የማይገናኝ ይሁን። ፊደል በሚፈቀድበት ቦታ አራትና አምስት የማይዛመዱ ቃላትን እንደርድር፤ ርዝመት ከምልክት ይበልጣል። ለኢሜይልና ለባንክ አንድ ቃል አንጠቀም፤ አንዱ ኬላ ሲሰበር ሌላውም ይከፈታልና። በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለም እናብራው።

የወላጆቻችንን ስልክ የምንነካካው እኛው ነንና አንድ ነገር እንጨምር። ቁጥሩን አንጠይቃቸው። ስልኩን መልሰን እንስጣቸው፤ ፊታችንን እናዙር፤ ቀስ ብለው ራሳቸው ይንኩት። ወረፋው ትንሽ ይቆይ እንጂ ብራቸው በደህና ቤታቸው ይገባል።