በሃያ ዶላሩ ላይ ያለችው ሴት

የዕለት እንጀራዬን የማገኘው በአንድ ባንክ ከውጭ ምንዛሪ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ነው። ገንዘብ ሲቆጥሩ መዋል ፊት ሲቆጥሩ መዋል ነው፤ የነገሥታቱና የመሪዎቹ መልክ በጣቶቼ መካከል ሲያልፍ ማንነታቸውን ለመጠየቅ ጊዜውም ልቡም የለኝም። አንድ ቀን ግን ሜልበርን ያለች ልጃቸውን ጠይቀው የተመለሱ አንዲት እናት ጥቂት የአውስትራሊያ ሃያ ዶላሮችን አቀረቡልኝ። መነጽር ያደረገች፥ ራሷን በቆብ የሸፈነች አንዲት አሮጊት ከኖቱ ላይ ትመለከተኛለች። «ልጄ፥ ይህች ንግሥታቸው ናት?» አሉኝ። «አላውቅም እማማ» ብዬ የሚገባቸውን ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስፈልግ ያገኘሁት መልስ እንቅልፍ ነሣኝ። ሴትዮዋ ንግሥት አይደለችም። ፈረስ ሰርቃለች ተብላ የሰባት ዓመት ግዞት የተፈረደባት፥ በመርከብ ተጭና የዓለምን ግማሽ የተሻገረች እስረኛ ነበረች። ስሟ ሜሪ ሬይቢ ይባላል። መልኳ በአገሩ ገንዘብ ላይ የታተመው በ1994 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወንጀለኛ ተብላ የተጣለች ሴት በገንዘብ ላይ እስክትታተም ድረስ ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቷል። በዚያ ሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ግን ከፈረሱ ስርቆት ይልቅ ልቤን የያዘችው ራሷ በመንግሥት መዝገብ ያስጻፈቻት አንዲት አጭር ቃል ናት። ወደ እርሷ ለመድረስ ከመጀመሪያው እንነሣ።

እንግሊዝ ወንጀለኞቿን ባሕር አሻግራ መጣል የጀመረችው በአውስትራሊያ አይደለም። አስቀድማ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ትልካቸው ነበር። አሜሪካውያን ለነጻነታቸው ጦር ሲያነሡ ያ በር ተዘጋ፤ ወህኒ ቤቶቹም፥ በወንዝ ዳር የቆሙት ያረጁ የእስር መርከቦችም ሞሉ። መንግሥት በ1786 አዲስ መጣያ መረጠ፤ የመጀመሪያዎቹም መርከቦች በ1788 አውስትራሊያ ደረሱ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1868 ድረስ 162,000 ያህል ሰዎች ተጋዙ። ከእነዚህ ውስጥ 25,000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። የአብዛኞቹ ጥፋት ስርቆት ነው። ፍርዱም ሰባት ዓመት፥ ዐሥራ አራት ዓመት፥ ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። ነገር ግን ሰባት ዓመት ማለት ከሰባት ዓመት በኋላ መመለስ ማለት አልነበረም፤ መንግሥት የመመለሻ መሳፈሪያ አይከፍልምና። ወንዱ በመርከበኝነት ተቀጥሮ፥ በጉልበቱ ከፍሎ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ለሴቲቱ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነበር። ስለዚህ ለብዙዎቹ ሴቶች ሰባቱ ዓመት በወረቀት ላይ ሰባት፥ በተግባር ግን ዕድሜ ልክ ነበር።

ዛሬ አውስትራሊያ ውስጥ አያት ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሴቶች አንዷን ሲያገኝ፥ የሚያገኛት በመዝገብ ፍርፋሪ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ አለ፤ ክሱንና ፍርዱን ይናገራል። የመርከብ መዝገብ አለ፤ ስሟን፥ የተፈረደባትን ከተማና ቀን፥ የቅጣቷን ዘመን ይዟል። ኋላ ላይ የተጻፉት መዝገቦች የትውልድ አገሯን፥ ሙያዋን፥ የዓይኗን ቀለም፥ የቆዳዋን ጠባሳ ሳይቀር ይዘረዝራሉ። ቅጣቷን ስትጨርስ የተሰጣት የነጻነት ወረቀት፥ የጋብቻ መዝገብ፥ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝርም አለ። ችግሩ ሴት ስታገባ ስሟ ይለወጣል፤ መዝገቡን የሚከተል ልጅም መንታ መንገድ ላይ እንደቆመ መንገደኛ ይሆናል።

ሜሪ ይህንን ችግር አጠንክራዋለች። በ1777 በእንግሊዝ አገር፥ ላንካሻየር ውስጥ ቤሪ በተባለች ከተማ ስትወለድ የክርስትና መዝገቡ ላይ የሰፈረው ስሟ ሞሊ ሄይዶክ ነው። ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ በሴት አያቷ እጅ አደገች። ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ሳለች ከቤት ወጥታ ጠፋች፤ በፈረስ ስርቆት በተያዘች ጊዜም የወንድ ልብስ ለብሳ፥ ጄምስ በሮ ነኝ ትል ነበር። ሴትነቷ የታወቀው በስታፎርድ ለፍርድ በቀረበች ጊዜ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የዚህችን ልጅ የልጅ ልጅ «ጄምስ» የሚል መዝገብ ላይ እንዴት አድርጎ ይፈልጋታል?

ሮያል አድሚራል የተባለችው መርከብ በጥቅምት ወር 1792 ሲድኒ አደረሰቻት። በደረሰች በማግሥቱ ለአክስቷ የጻፈችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጽሑፍ ነው፤ የፊደል ግድፈት ሞልቶበታል። የተፈረደባት ሰባት ዓመት ብቻ መሆኑ ቢነገራትም ሌሎች ግን ዕድሜ ልክ ነው እንዳሏት፥ ይህም እንዳሳዘናት ትገልጻለች፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ መውጫ ቀዳዳ እንደምትፈልግ ትናገራለች። መዝገብ ስለ ሰው ይናገራል፤ በዚያ ደብዳቤ ግን ሰውየዋ ራሷ ትናገራለች። ከ25,000ዎቹ ሴቶች መካከል ይህን ያህል ድምፅ የተረፈላቸው ጥቂቶች ናቸው።

ቀዳዳውን አላገኘችም፤ ወይም ሌላ ቀዳዳ አገኘች። በአንድ የጦር መኮንን ቤት ሞግዚት ሆና ሠራች። መስከረም 7 ቀን 1794 ቶማስ ሬይቢ የተባለ፥ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ያገለግል የነበረ ሰው አገባች። ባልና ሚስቱ በሆክስበሪ ወንዝ ዳር መሬት ተሰጣቸው፤ እህል ከወንዙ ወደ ሲድኒ በጀልባ ማጓጓዝ ጀመሩ፤ ኋላም ንግዳቸው እስከ ፓስፊክ ደሴቶች፥ እስከ ቻይናና ሕንድ ዘረጋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዝለል አይገባኝም። የተሰጣቸው መሬት ባለቤት አልባ አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ የዳሩግ ሕዝብ የኖረበት ነው። ከአገሯ የተነቀለችው ልጅ ከአገራቸው በሚነቀሉ ሰዎች መሬት ላይ ሥር ሰደደች።

ቶማስ በ1811 ሞተ። ሰባት ልጆች፥ መርከቦች፥ እርሻዎችና መጋዘን በሜሪ ትከሻ ላይ ቀሩ። እርሷም አልተንበረከከችም፤ በ1812 አዲስ መጋዘን ከፈተች፥ በ1817 ተጨማሪ መርከቦች ገዛች። በዚያው ዓመት የአገሩ የመጀመሪያ ባንክ፥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ባንክ፥ ሥራ የጀመረው ማኳሪ ፕሌስ በተባለው ስፍራ ከእርሷ በተከራየው ቤት ውስጥ ነው። ያ ባንክ ዛሬ ዌስትፓክ ይባላል። እኔ የባንክ ሠራተኛው ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥሁ። በሌብነት የተጋዘች ሴት የሰው ገንዘብ ለሚጠበቅበት ካዝና ቤቷን አከራየች!

በ1820 ሁለት ሴቶች ልጆቿን አስከትላ ወደ ትውልድ አገሯ ሄደች። በእስር የወጣችበትን ባሕር እንደ ባለጸጋ ነጋዴ ተሻገረችው፤ የልጅነት መንደሯንም አየች። በማግሥቱ ዓመት ወደ ሲድኒ ተመለሰች።

ወደዚያች ቃል የደረስነው አሁን ነው። በ1828 በኒው ሳውዝ ዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። ቆጣሪዎቹ የእያንዳንዱን ሰው አመጣጥ ይመዘግቡ ነበር፤ እዚሁ የተወለደ ነው? በነጻነት የመጣ ነው? ቅጣቱን ጨርሶ ነጻ የወጣ ነው? ወይስ ገና እስረኛ ነው? የአንድ ሰው ማዕረግ፥ የልጆቹ ጋብቻ፥ በማን ማዕድ እንደሚቀመጥ በእነዚህ ጥቂት ቃላት ይወሰን ነበር። ሜሪ ተራዋ ሲደርስ ያስጻፈችው ይህ ነው፤ በነጻነት የመጣች፥ በ1821።

ሐሰት ናት እንበል? በ1821 በእርግጥ በነጻነት መጥታለች፤ መሳፈሪያዋን ከፍላ ነው የመጣችው። እውነት ናት እንበል? ከዚያ በፊት የነበሩትን ሃያ ዘጠኝ ዓመታት ምን እናድርጋቸው? አንዲት እናት ለሰባት ልጆቿ ስም ስትል፥ አንድም የሐሰት ቃል ሳትናገር ግማሽ ዕድሜዋን ከመዝገብ አወጣች።

እርሷ ብቻም አልነበረችም። የግዞተኛ ዘር መሆን በአውስትራሊያ ለረዥም ዘመን እንደ ደዌ ይቆጠር ነበር፤ ቤተሰቦች አያቶቻቸውን ይደብቁ፥ ደብዳቤ ያቃጥሉ፥ ስም ይለውጡ ነበር። በ1882 በሲድኒ ጋርደን ፓላስ የተባለው ትልቅ ሕንፃ ሲቃጠል የ1881 የሕዝብ ቆጠራ መዛግብት አብረው ወደሙ። በከተማው የተናፈሰው ወሬ፥ እሳቱን የለኮሱት ያለፈ ታሪካቸው እንዲጠፋ የሚፈልጉ የተከበሩ ሰዎች ናቸው የሚል ነበር። ማረጋገጫ አልተገኘም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ወሬውን ለማመን መፍጠኑ ራሱ የኀፍረቱን ጥልቀት ያሳያል። የሜሪ የልጅ ልጅ፥ ቶማስ ሬይቢ የሚባለው፥ በታስማንያ ከ1876 እስከ 1877 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አስተዳድሯል። አያቱ በወንድ ልብስ ተይዛ ለፍርድ የቀረበች እስረኛ ነበረች።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በዛፋቸው ላይ ግዞተኛ አያት ያገኙ ሰዎች እንደ ማዕረግ ያወሩታል። የግዞተኞቹ መዛግብትም በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ልጆች የሚኮሩበትን እናቶች በፍርሃት ደብቀውት ኖሩ።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሐሳቤ ወደ ቤቴ ሄደ። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር የምንቆጥረው በአብዛኛው ወንዶችን ነው። እኔም በአባቴ በኩል ያለምንም መደናቀፍ ሰባቱን እጠራለሁ። በእናቴ በኩል ግን ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ሴት አያቴ ሁልጊዜ ወሬ ይለውጡ ነበር። ልጅ ሳለሁ አጥብቄ ብጠይቃቸው «እሷ ከሩቅ አገር የመጣች ናት» ብለው ዝም አሉ። ማን አመጣት? በፈቃዷ ነው ወይስ ተሽጣ? ስሟስ እናቷ ያወጣችላት ነው ወይስ የተቀበላት ቤት? አያቴ አሁን በሕይወት የሉም፤ የመርከብ መዝገብም የለንም። «ከሩቅ አገር የመጣች» እና «በነጻነት የመጣች» ለጆሮዬ አንድ ዓይነት ቃላት ሆኑብኝ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም በር ይዘጋሉ። ያን ጊዜ አያቴ የዋሹኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። አሁን ግን የጠበቁኝ እንደሆኑ ይገባኛል፤ ብቻ ለእኔ ክብር ሲሉ የእርሷን ስም ከፈሉ።

እኛ የባንክ ሠራተኞች አንድ የቆየ ሕግ አለን። በእጅ በሚጻፍ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፥ ቀለምም አይደፋበትም። አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፥ ትክክለኛው ከአጠገቡ ይጻፋል፥ ያረመውም ሰው ይፈርማል። የፊተኛው ቁጥር ከመስመሩ ሥር ሆኖ መነበብ አለበት። የቤተሰብ ታሪክም እንዲሁ ሊያዝ የሚገባው ይመስለኛል። ሜሪ «በነጻነት የመጣች» ብላ ያስጻፈችውን እኛ ልንፍቀው አይገባም፤ ያ የእርሷ ፊርማ ነው። ነገር ግን ከመስመሩ ሥር ያለችውን፥ የወንድ ልብስ የለበሰችውን የዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት ልጅም ማንበብ አለብን። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ብቻ ሒሳቡ ይዘጋል።

በእናቴ ወገን ሦስተኛ ላይ ያለችውን ሴት ስሟን ባላውቅም ከእንግዲህ ስቆጥር አልዘላትም። ለልጆቼ «ሦስተኛዋ ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ናት፤ እንዴት እንደመጣች አልተነገረንም» እላቸዋለሁ። ቢያንስ ቦታዋ ባዶ ሆኖ ይታያቸው።

በምሳ ሰዓት በተበላሸ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ የጻፍኋትን ይህችን ሁለት ስንኝ ለሁለቱም ሴቶች ትሁንልኝ፤

መርከቡ ሲጭንሽ ወንጀልሽን ጽፎ፥
እውነትሽ ቀረልን በውሸትሽ ታቅፎ።

አንባቢ ሆይ፥ አያት ካለህ ሳይመሽ ጠይቅ። ሲዘሉ ያየሃትን ስም በተለይ ጠይቅ። ቸር እንሰንብት።