የምግብ ዋስትና እጦትና የወጣቶች የአእምሮ ጤና በላስታ

የምግብ ዋስትና እጦት ማለት አንድ ቤተሰብ ለጤናማ ሕይወት የሚበቃውን ምግብ ዓመቱን ሙሉ የማያገኝበት፣ ወይም አገኛለሁ ብሎ እርግጠኛ ሊሆን የማይችልበት ሁኔታ ነው። ረኃብ የዚህ ሁኔታ የመጨረሻ ጫፍ ነው፤ ከረኃቡ አስቀድሞ የሚመጣው ስጋት ግን ለብቻው ይጎዳል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ የቤተሰብ መጠይቅ የሚጀምረው ሰው ምን እንደበላ በመጠየቅ አይደለም። ባለፉት 4 ሳምንታት ምግብ ያንሰናል ብሎ መስጋት ነበረ ወይ ብሎ ነው የሚጀምረው። የምግብ እጦትና የአእምሮ ጤና የሚገናኙትም እዚያው ላይ ነው፤ በተለይ የወደፊት ኑሮውን ገና በሚያቅድ ወጣት ላይ። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወጣቶች ፖሊሲ መሠረት ወጣት የሚባለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ነው።

ላስታ በሰሜን ወሎ የሚገኝ ደጋማ አካባቢ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይረዝማል። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ አፈሩም ለብዙ ዘመን ሲታጠብ የኖረ ነው። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ዝቅ ባለው ቆላና ወይና ደጋ ጤፍና ማሽላ ይዘራል። ከላይኛው ደጋ ብዙው በበልግ ዝናብ የሚተማመን ሲሆን፣ በልጉ የቀረ ዓመት ወይም ውርጭና በረዶ እሸቱን የመታ ዓመት ጎተራው ክረምቱን አይዘልቅም። የመኸሩ እህል እስኪደርስ ያሉት የክረምት ወራት በደህናው ዓመት እንኳ ለብዙ ቤት የጭንቅ ወራት ናቸው።

አካባቢው ደጋግሞ ተርቧል። በ1958 ዓ.ም. ዋግና ላስታ በድርቅ ተመትተዋል፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በገጠሩ ረኃብ ላይ ባደረጉት ጥናት የረኃቡ ወሬ ከገበሬው ደጃፍ እስከ ዙፋኑ ለመድረስ ስንት እንደሚጓተት መዝግበዋል። የ1965ቱ የወሎ ረኃብ የንጉሡን መንግሥት ውድቀት ካፋጠኑት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1977 ደግሞ ከረኃቡ በተጨማሪ መንግሥት ባካሄደው ሰፈራ 600,000 ገደማ ሰው ከሰሜኑ ክፍል ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲጓጓዝ፣ ትልቁ ቁጥር ከወሎ ነበር። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር በኢትዮጵያ ገጠሮች ያካሄዱት ጥናት በዚያ ረኃብ ወቅት 3 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ካደጉ በኋላ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አጥረው እንደተገኙና አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸውም እንዳነሰ አሳይቷል። የዛሬዎቹ የላስታ ወጣቶች ወላጆች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ዝናብ ሲዘገይ ቤቱን የሚወርሰው ዝምታ ከዚያ ትውስታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ይማሩታል።

ወጣቱን ከቀሪው ቤተሰብ የሚለዩት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መሬት ነው። አጠቃላይ የመሬት ድልድል ከቆመ ቆይቷል፤ አዲስ ጎጆ የሚወጣ ልጅ ከአባቱ ጠባብ ማሳ ላይ ቁራሽ ይካፈላል፣ አለዚያም በእኩል ያርሳል። ብዙዎች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ይወርዳሉ፣ ወደ ቆቦና ወልድያ ለቀን ሥራ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ወደ ዓረብ አገር ያልማሉ። ማግባት፣ ጎጆ መውጣት፣ ወላጅ መጦር የሰው ወግ በሆነበት አገር ይህን ሁሉ ማዘግየት ያዋርዳል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተደረጉ ጥናቶችም በምግብ እጦትና በድብርት መካከል ያለውን ግንኙነት ደጋግመው አግኝተውታል።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። ከገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ከተማ የሚመጣ ተማሪ ከ2 ወይም ከ3 ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እሑድ ከቤቱ ስንቅ ተሸክሞ ይመጣል፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። እንጀራው ሳምንቱ ሳይጋመስ ይደርቃል ወይ ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በበሶ ይታለፋሉ። ቅዳሜ ተራራውን ወጥቶ ወደ ቤት የሚመለሰው ለሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ ነው፤ ቤት ያለው ካለቀ ግን እናቱን መጠየቅ ያፍራል። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው፣ የሚበሳጨው፣ አርብ ከሰዓት የሚቀረው ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማረው የቆሎ ተማሪም ይራባል፤ ነገር ግን አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲለምን ልመናው የትምህርቱ ሥርዓት አካል ስለሆነ አያሸማቅቀውም። የዘመናዊው ተማሪ ረኃብ እንዲህ ያለ ማዕረግ የለውም፤ ልዩነቱ ሆድ ምን ያህል እንደጎደለ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱ በሰው ፊት ምን እንደሚባልም አእምሮን እንደሚጎዳ ያሳያል።

ረኃብ አእምሮን የሚጎዳባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የብረት፣ የአዮዲንና የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ትኩረትን ያደክማል። ማቋረጫ የሌለው ስጋት እንቅልፍን ይነሳል፤ በጭንቀት ጊዜ የሚመነጩ ሆርሞኖችን ከፍ አድርጎ ያቆያል። በላስታ ግን ከሁሉ የከፋው ኀፍረት ይመስላል። ማዕድ በጋራ በሚቀርብበት፣ ጉርሻ የፍቅር ምልክት በሆነበት፣ ሰንበቴና ማኅበር ሰውን በሚያገናኙበት አገር ተራው ሲደርስ መደገስ ያልቻለ ቤት ከሰው ይርቃል። ወጣቱም ከጓደኞቹ ይሸሻል፤ ብቸኝነቱ ድብርቱን ያባብሰዋል። ድብርቱ ደግሞ የመሥራት አቅሙን ስለሚቀንስ ችግሩ ተመልሶ ጎተራውን ይነካል።

ጾምም መታሰብ አለበት። የላስታ ሕዝብ በብዛት ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ የዓመቱን ትልቅ ክፍል ይጾማል። በውድ የሚጾም ሰው ሆዱ ባዶ ቢሆንም አይዋረድም፤ ዓላማ አለውና። ነገር ግን የሚበላ ያጣ ወጣት ጾም ነኝ ብሎ ከማዕድ ሊሸሽ ስለሚችል፣ ጤና ባለሙያም ሆነ ጥናት አጥኚ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ይገባዋል።

በሴቶች ላይ ያለው ጫና የተለየ ነው። በጅማና አካባቢዋ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በርካታ ወጣቶችን የተከታተለው ጥናት፣ ልጃገረዶች ከወንዶች ይልቅ የምግብ እጦት እንደሚያጋጥማቸው፣ ልዩነቱም ቤቱ በጣም ሲቸገር እንደሚሰፋ አሳይቷል። ጥናቱ የላስታ ባይሆንም፣ መጀመሪያ ለወንዶች አቅርቦ ከተረፈው የመብላት ልማድ እዚህም የሚታወቅ ነው።

ላሊበላ ከተማ ከገጠሩ የተለየ ቀውስ አሳልፋለች። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊያይ የሚመጣው እንግዳ አስጎብኚውን፣ የሆቴል አስተናጋጁን፣ በቅሎ አከራዩንና ሊስትሮውን ይመግብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ መንገዱን ዘጋ። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ከተማዋ እጅ ስትቀያየር መብራት፣ ባንክና ስልክ ተቋረጡ፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም በሐምሌ 2015 መጨረሻ አዲስ ግጭት ተነሣ። ከእንግዳ የዕለት ገቢ ያገኝ የነበረ ወጣት የሚያርሰው መሬትም፣ የሚሸጠው ከብትም አልነበረውም። በዚህ ትውልድ ላይ ረኃብና የጦርነት ድንጋጤ በአንድ ጊዜ ነው የመጡበት።

እርዳታው በከፊል አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍትኔት ፕሮግራም በምግብ ዋስትና እጦት የሚታወቁ ወረዳዎችን ይሸፍናል፤ አቅም ያለው ሰው በእርከንና በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ጥቅሙ ግን ከክፍያው ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው፤ እህሉ ዘግይቶ ከመጣ በጉ ተሽጧል፣ ልጁም ተሰዷል። በኬንያ ለችግረኛ ቤተሰቦች በቋሚነት የተሰጠ የገንዘብ ድጋፍ ከ15 እስከ 24 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ የድብርት ምልክቶችን እንደቀነሰ ተረጋግጧል። የተማሪዎች ምገባ በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ላይ ስለሚያተኩር፣ በኪራይ ክፍል የሚኖረው የ9ኛ ክፍል ተማሪ አይደርሰውም።

የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ በሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ዛሬ ነርሶችና የጤና መኮንኖች በጤና ጣቢያ ድብርትን እንዲያክሙ የሚያስችል ሥልጠና ይሰጣል፤ በላስታ ግን ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው። ወጣቱ ጤና ጣቢያ ሲደርስም ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ የአእምሮ ጤና መለያ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ስለ ሆድ ሕመም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም ይጠይቃል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹን ረኃብ ብቻውን ያመጣቸዋል። ስለዚህ በክረምት ወራት ለሚመጣ ወጣት ከመድኃኒቱ በፊት ትናንት ምን እንደበላና ቤት ውስጥ ምን እህል እንደቀረ መጠየቅ የምርመራው ክፍል መሆን አለበት፤ መልሱ ባዶ ከሆነ የሕክምና ካርዱ ወደ ሴፍትኔት ኮሚቴውም መላክ ይኖርበታል።