የቴአትር ወረቀትና ታሪኩ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ቴአትር ለማየት ስትገቡ ዐይናችሁ የሚያርፈው በተዋናዮቹ ላይ ነው። ነገር ግን ማን መቼ እንዲገባ፣ መብራቱም መቼ እንዲጠፋ የሚያዝ፣ ከተመልካች የተሰወረ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የመድረክ አስተዳዳሪ ይባላል። ይህ ሰው ለብዙ ዘመን ትእዛዙን ሁሉ የሚጽፈው በወረቀት መዝገብ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ መዝገቡ በኮምፒውተርና በታብሌት እየተተካ ነው። ወረቀቱ ከመሰናበቱ በፊት ግን ውለታውን መመርመር ይገባል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 ዓ.ም. ግሎብ የተባለው ቴአትር ቤት በሎንዶን ሲሠራ፣ ድርሰት ሁሉ በእጅ ይገለበጥ ስለ ነበረ ድካሙም ወጪውም ብዙ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የሚሰጠው የራሱ ቃልና ከእርሱ አስቀድሞ የሚናገረው ሰው የሚጨርስባቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ። ወረቀቱ እየተቀጣጠለ ይጠቀለል ነበርና፣ የተዋናይ ድርሻ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ «ሮል» መባሉ ከዚሁ ጥቅል የመጣ ነው።

ሙሉው ድርሰት የሚገኘው በመዝገብ ያዡ እጅ ነበር። የቤተ መንግሥቱ የትርዒት ሹም መርምሮ ፈቃዱን የሚጽፈው በዚሁ ላይ ስለ ሆነ፣ እንደ ዐይን ብሌን ይጠበቅ ነበር። የተዋናዮቹም አገባብ በተራ ተጽፎ፣ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከመድረኩ በስተኋላ ይሰቀል ነበር።

ከነዚህ ወረቀቶች ጥቂቶቹ እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ስመ ጥሩው ተዋናይ ኤድዋርድ አሌን የኦርላንዶን ድርሻ ያጠናበት ጥቅል፣ እርሱ ራሱ በ1619 ዓ.ም. ባቋቋመው በደልዊች ኮሌጅ ይገኛል። በ1623 ዓ.ም. በታተመው የሼክስፒር መድበል ውስጥ ደግሞ በአንዱ አስቂኝ ተውኔት ዶግቤሪና ቨርጀስ መባል ሲገባቸው፣ የተዋናዮቹ የኬምፕና የካውሊ ስም ታትሞ ይታያል። ሳይታረም የቀረው ይህ ጽሑፍ ድርሻው ለማን እንደ ታሰበ ለታሪክ ጸሐፊ ይመሰክራል።

አዲሱ መሣሪያ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ የታረመው በቅጽበት ለሁሉ ይደርሳል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተሰረዘ ቃል ከሥሩ ይነበባል፤ ከኮምፒውተር የተደመሰሰው ግን ካልተቀመጠ ዱካው ይጠፋል። ስለሆነም ወረቀትን የሚተዉ ቴአትር ቤቶች የቀድሞውን ጽሑፍ ከነእርማቱና ከነቀኑ ሊያኖሩ ይገባቸዋል። ጨዋታው በዚያው ምሽት ያልፋል፤ ለልጅ ልጅ የሚመሰክረው መዝገቡ ነውና።