«የቱ ይበልጣል?»፦ የዴርቶጋዳ አንባቢዎች ሙግት ከቦንጋ ሲታይ

«የቱ ክፍል ይበልጣል?» እየተባለ በወጣቶች ዘንድ የጦፈ ሙግት ያስነሣ የሳይንስ ልቦለድ በአማርኛ ብዙ የለም። ካሉት ፊተኛው የይስማዕከ ወርቁ ሥራ ነው፦ ዴርቶጋዳ፣ ራማቶሓራ፣ ዣንቶዣራ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወጥቶ ደጋግሞ ታተመ፤ ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያ እስከ መጽሐፍ አከራይ ሱቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከረመ። ሐያሲው ብዕሩን ሳያነሣ አንባቢው ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። ይህ መጣጥፍ የሚመረምረው ያንን ፍርድ ነው። መነሻ ሐሳቤ ይኸው፦ አንባቢዎች ከሦስቱ አንዱን ሲያስበልጡ በአብዛኛው የሚመዝኑት የትረካውን ጥበብ አይደለም፤ በባዕድ አገር ያለው ሊቅ ወደ አገሩ ይመለሳል የሚለውን ተስፋቸውን ነው። ሙግቱ ከካፋ ሲታይ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። የዚያ ሊቅ አምሳያ ተደርገው የሚወሰዱት ሰው የካፋዋ የቦንጋ ልጅ ናቸውና።

እንዲህ ያለው ሙግት በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ዶክተር ሁ የተሰኘው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መሐል ላይ ለዓመታት ቢቋረጥም፣ እስከ ዘመናችን የዘለቀ ነው። በድራማው ስም የሚታተመው መጽሔት አንባቢዎቹን ድምፅ ባሰጠ ጊዜ በ1998 እ.ኤ.አ. «የዳሌኮች ዘፍጥረት»፣ በ2009 «የአንድሮዛኒ ዋሻዎች»፣ በ2014 ደግሞ ለኀምሳኛ ዓመት የተሠራው «የዶክተሩ ቀን» አንደኛ ወጡ። የመጨረሻው አዲስ ቢሆንም የፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች ያው ናቸው፤ የተለወጠው መራጩ ነው። አጥኚው ሄንሪ ጄንኪንስ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ አድናቂ ማለት የተሰጠውን ዝም ብሎ የሚቀበል ሳይሆን ድርሰቱን ለራሱ ጉዳይ የሚጠቀም ሰው መሆኑን ሲያሳይ ያመለከተው ይህንኑ ነው። እኛ ዘንድ ሙግቱ በድምፅ ቆጠራ አይቋጭም። በቃል ይካሄዳል፣ ከማደሪያው ወደ ቡና መጠጫው ይሻገራል፣ ተሟጋቾቹ ሲመረቁም ለሚቀጥሉት ይተላለፋል። ስለዚህ ማን አሸነፈ ብሎ መጠየቅ ትርፍ የለውም። መጠየቅ ያለበት በምን ሚዛን ተመዘነ የሚለው ነው።

ሚዛኑን ለማወቅ የታሪኩን እምብርት ማስታወስ ይበቃል። በአሜሪካ የጠፈር ተቋም በናሳ የሚሠራ ሻጊዝ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አለ፤ አገሩን ይናፍቃል፣ መውጫ ግን የለውም። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሚራዥና ሲጳራ በስለላ ድር ውስጥ ይገባሉ፤ የጣና ገዳማት ምስጢርም ከዘመኑ ሳይንስ ጋር ይጋጠማል። ይስማዕከን ከምስጢር ልቦለድ ደራሲው ከዳን ብራውን ጋር የሚያነጻጽሩት አሉ። ንጽጽሩ ስለ ትረካው ፍጥነትና ስለ ምስጢር አከፋፈቱ እውነት አለው፤ የታሪኩን ሥር ግን አይነካም። ሥሩ ያለው በግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ (1941 ዓ.ም.) ላይ ነው። ፈረንሳይ ሄዶ የተማረ የአገር ልጅ ዕውቀቱን ይዞ ይመለሳል፤ አገር ትቀበለዋለች ወይስ ትገፋዋለች? አማርኛ ልቦለድ ይህን ጥያቄ ይዞ ኖሯል። ይስማዕከ ያደረገው የተማሪውን ሻንጣ በሮኬት ዕውቀት መሙላት፣ የመመለሻውን መንገድም በሰላዮች ማጠር ነው።

አንባቢዎች ሻጊዝን ከኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር ሲያያይዙት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጣው በ1940 ዓ.ም. ቦንጋ ተወለዱ። ጅማ በሚያዝያ 27 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ገቡ። ከዚያ ጃፓን፣ ቀጥሎ አሜሪካ። እዚያም በጠፈር መንኮራኩርና በሳተላይት ምሕንድስና ሠርተው ስማቸው ከናሳ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ባለሙያ ሆኑ። ኋላ በተቃውሞ ፖለቲካ ገብተው ሲታገሉ ቆይተው ጥር 1998 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው በስደት እንዳሉ አረፉ። ዴርቶጋዳ የወጣው ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ የልቦለዱ የመጀመሪያ አንባቢዎች የሻጊዝን የመመለስ ትግል ሲያነቡ ያልተመለሰን ሰው ሐዘን ይዘው ነበር ማለት ነው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የሚገኘው በጣና ዳር መሆኑም ልብ ይባል። የቦንጋው ወጣት ምሕንድስና የተማረው፣ ልቦለዱ የሳይንስ ምስጢሩን ከቀበረበት ሐይቅ አጠገብ ነው። ይህን ግጥጥሞሽ ደራሲው አስቦበት ይሁን አይሁን ለክርክሬ አያስፈልገኝም። አንባቢው ሲያገናኘው ትርጉም ያገኛል፤ ያ ይበቃኛል።

ወደ ሙግቱ እንመለስ። ፊተኛውን መጽሐፍ የሚያስበልጡት ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ጥድፊያውን ነው፦ በአንድ ሌሊት ጨረስሁት ይላሉ። ለኋለኞቹ የሚቆሙት የምስጢሩን ስፋት፣ የኢትዮጵያን ጥንታዊነት ከዓለም ኃያላን ፍልሚያ ጋር የማጋጠሙን ድፍረት ያወድሳሉ። ሁለቱም የሚሉት በቂ ነው፤ አላፍታታውም። የሚያከራክረኝ ሦስተኛው ወገን ነው። ይህ ወገን ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የምሕንድስና ተማሪ ሲሆን የቱንም ቅጽ አያስበልጥም። «ይህ ሳይንስ አይደለም» ይልና በልቦለዱ ያለው መሣሪያ በዚህ መንገድ አይሠራም፣ ኃይሉ ከየት መጣ፣ ገንዘቡን ማን ከፈለ እያለ ገጽ በገጽ ይበልታል።

ይህን ወገን አከብረዋለሁ። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ የሳይንስ ልቦለድን ከተረት የሚለየው ድንበር የቱ ጋ ነው የሚል ነው። ሆኖም ሚዛኑ ጠማማ ነው። ጁል ቬርን በ1865 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ወደ ጨረቃ የላከው በመድፍ ነበር። መድፉ በሚሰጠው ድንገተኛ ፍጥነት ተሳፋሪዎቹ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጡ እንደሚጨፈለቁ ዛሬ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ያሰላል። መጽሐፉ ግን አልሞተም። ምክንያቱም ቬርን ስሌቱን ቢስትም ጥያቄውን አልሳተም፦ ከጦርነት በኋላ ሥራ የፈታ የመድፍ ዕውቀት ምን ይደረግ? ዴርቶጋዳንም በዚህ መንገድ መመዘን ይገባል። መሣሪያው ይሠራል ወይ ሳይሆን፣ መሣሪያውን የሚሠራው ሰው ለምን አገሩ ውስጥ ሊሠራው አልቻለም የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ሦስተኛው ወገን የዘለለው ይህን ነው። የሚያስገርመው ደግሞ፣ አገር ውስጥ ተምሮ ነገ ፓስፖርት ለማውጣት የሚሰለፈው እሱ ራሱ መሆኑ ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌላ ሚዛን ጨመረ። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን መጠቀች፤ እንጦጦ ላይም መቀበያ ጣቢያ ቆመ። የሥራዋን ወጪና ዕውቀት አብዛኛውን ያቀረበችው ቻይና ነበረች፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ተሳትፈዋል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን የሚያነብ ወጣት እንደ ፊተኞቹ «ቢሆን ኖሮ» እያለ ብቻ ሊያነበው አይችልም። አንዱ ክፍል ሆኗል፣ ሌላው አልሆነም። ሳተላይት መጣች፤ የሄዱት ሊቃውንት ግን አብረዋት አልመጡም። ልቦለዱ የተለመው ተገላቢጦሹን ነበር፦ መጀመሪያ ሰውየው ይመለስ፣ መሣሪያው ከእጁ ይወጣል።

ካፋ ውስጥ ሙግቱን የተለየ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። የካፋ ሰው ስለ መነሻ መከራከር የለመደ ነው። በዴቻ ወረዳ ያለው ማንኪራ የቡና መገኛ ነው ሲል፣ የጅማ ሰው ደግሞ ጮጬን ይጠቅሳል። ሳይንሱ የሚለው የአረቢካ ቡና መገኛ በጠቅላላው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ነው፤ ደኑ የወረዳ ወሰን አያውቅም። ክርክሩ ግን አይበርድም። ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቶባት፣ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቦም አልበረደም። መነሻ መሆን ክብር ነው፤ ከመነሻው የወጣው ፍሬ በዓለም ስም ሲያገኝና ሲከብር መነሻው ስሙ ብቻ ይቀርለታል። የቅጣው ታሪክም ለካፋ አንባቢ የሚነበበው በዚህ ዓይን ነው። የዴርቶጋዳ ሳይንስና ምስጢር የሚያጠነጥነው ጣና ላይ ነው፤ ሰውየውን ያበቀለችው ቦንጋ ናት። ስለዚህ ከቦንጋ ለሚያነብ ሰው «የቱ ቅጽ ይበልጣል?» ከሚለው በፊት «ሊቁ ቢመለስ ወዴት ነው የሚመለሰው?» የሚል ጥያቄ ይቀድማል። ይህ የአካባቢ ቅናት አይደለም። ልቦለዱ ራሱ ያላነሣውን ቀዳዳ የሚያሳይ ንባብ ነው፤ አንድ አገር ሊቁን የምትቀበለው በአፈ ታሪኳ ማዕከል ነው ወይስ በተወለደበት ቀዬ፣ በተማረበት ትምህርት ቤት?

እኔስ የቱን አስበልጣለሁ? ዴርቶጋዳን። በቡና ሥርዓት አቦሉ ይበረታል፤ ቶናና በረካ የሚጠጡት አቦሉ ስለቀደመ ነው። ፊተኛው መጽሐፍ የመመለስን ጥያቄ ክፍት አድርጎ የያዘው ነው። ተከታዮቹ፣ ተከታይ በመሆናቸው ብቻ፣ የተከፈተውን ምስጢር የማብራራት ዕዳ ተሸክመዋል፤ የተብራራ ምስጢር ደግሞ ግማሽ ኃይሉ ይሄዳል። በአተራረክ በኩል ዴርቶጋዳ እንከን አለው፤ ድንገቴዎቹ ይበዛሉ፣ ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ ከሰውነት ይልቅ ለዓላማ ይናገራሉ። ይህን ሁሉ ይዤም ፍርዴ አይለወጥም።

ሙግቱን በማጥናት ረገድ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ቸልታ አሳይተዋል ባይ ነኝ። «የወጣት ንባብ» ብለው የተዉት ሙግት ስለ ስደት፣ ስለ ሳይንስና ስለ አገር ምን እንደሚታሰብ የሚያሳይ ሰፊ ማስረጃ ነው፤ በቃል ብቻ ሲቀር ደግሞ ከተሟጋቾቹ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ ጥሪዬ በተለይ ለቦንጋ መምህራን ነው፦ ሦስቱን መጻሕፍት ወደ ክፍል አስገቡ፤ ተማሪዎቻችሁ ገጽ እየጠቀሱ ይሟገቱ፤ የሚሉትንም መዝግባችሁ አሳትሙት።