የአስታማሚ ነገር

ከአስኮ ተነሥቶ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚዘልቀው መንገድ ዳር የሚገኘው የሳንሱሲ ሠፈር የያዘው ስም በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው፤ የፕሩስያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክም በፖትስዳም ለራሱ ማረፊያ ያሠራውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ሰይሞታል። በእኛው ሳንሱሲ ግን ዘመድ ለመጠየቅ በሄድሁ ቁጥር የማገኘው ሐሳብ የሌለበትን ሰው ሳይሆን የባሏን እናት ሐሳብ በጫንቃዋ ያኖረች አንዲት ሴት ነው። አሮጊቷ ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ምራቲቱ በየጧቱ ውኃውን ከሰል ላይ ለብ አድርጋ፥ በክንዷ ለክታ፥ ወንዶቹን ወደ ደጅ ሸኝታ፥ መጋረጃውን ትጋርድና «እማማ፥ ጎንዎን ላዙርልዎ» ትላለች። ከወንዶቹ ጋር የተሸኘሁት እኔ ያላየሁትን ባለቤቴ ነገረችኝ፦ ትከሻን፥ ዳሌንና ተረከዝን፥ የአልጋ ቁስል የሚጀምርባቸውን ቦታዎች፥ አንድ በአንድ ትመለከታለች፤ ስታጥባቸውም ሰውነታቸውን በነጠላ ሸፍና፥ እጇን ከነጠላው ሥር አስገብታ ነው። «ገልጠሽ ብታጥቢያቸው አይቀልሽም ወይ?» ብላ ባለቤቴ ብትጠይቃት፥ «ለእኔማ ይቀለኛል፤ እሳቸው ግን ያፍራሉ» አለቻት።

የአስታማሚን ምግባር ሊመረምር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ቃላቱን ቢመረምር ይበጀዋል። «አስታመመ» የሚለው ግሥ የተወለደው ከዚያው «ታመመ» ከሚለው ነው፤ አባቶቻችን የሕሙሙን ጠባቂ ከሕመሙ ውጭ ሊያቆሙት እንዳልፈለጉ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። «ጦረ» የሚለውም በግእዝ «ጾረ» ማለትም ተሸከመ ከሚለው የመጣ በመሆኑ፥ ጧሪ ሲባል ተሸካሚ ማለት ነው፤ ዛሬ በወር መጨረሻ ከሚቀበሉት ገንዘብ ሌላ ትርጉም የሌለው የሚመስለን ጡረታም የዚሁ ቃል ዘር ነው። እንግዲህ ድኻን ድኻ የሚያሰኘው ገንዘብ ማጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ጧሪ ቀባሪ የሌለው መሆኑ ነበር እንጂ።

ይህ ሸክም በቤት ውስጥ በልጅና በምራት፥ በመኳንንቱ እልፍኝ በደንገጡር፥ በገዳም ደግሞ አረጋዊውን መነኵሴ በሚያገለግለው ረድእ ላይ ይወድቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የተነገረውን መሠረት አድርጋ የታመመውን መጠየቅ ጌታን ራሱን እንደ መጠየቅ ስለምትቈጥረው፥ ማስታመም ሙያ ሳይባል ምግባረ ሠናይ ሲባል ኖረ። ለዚህ አገልግሎት የታጨችው ሴት ሆደ ሰፊ፥ የማትጸየፍና እንቅልፏ የማይከብድ ትሆን ዘንድ ይፈለግ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ገመና ሸፋኝ ትሁን ይባል ነበር። ሕሙም ሰው ገመናው በሰው እጅ ነውና፥ በመጋረጃው ውስጥ የታየው በቡና ላይ የሚወራ ከሆነ፥ ንጹሕ አንሶላም ሆነ ትኩስ አጥሚት አያጽናናውም።

ከታሪካችን ውስጥ የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ የሚገኘው በቤተ መንግሥት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በጽኑ ደዌ ተመትተው ከአልጋ በዋሉ ጊዜ፥ እቴጌ ጣይቱ በአንድ እጃቸው ሕሙሙን፥ በሌላው መንግሥቱን ይዘው ጥቂት ወራት ቆዩ፤ በመጋቢት ወር ግን ራስ ተሰማ ናደውና መኳንንቱ ተማክረው፥ እቴጌዪቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ልብ ላለው አንባቢ ይህ ውሳኔ ብዙ ይናገራል፤ ከሥልጣን መሻር የሚለውን ነገር በጨዋ ቃል ለመናገር መኳንንቱ ያገኙት ቃል ማስታመም ነበርና! ይሁን እንጂ ሽረት ተብሎ የተሰጣቸውን ሥራ እቴጌዪቱ እስከ ፍጻሜው ያዙት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአጠገባቸው አልተለዩም። የንጉሡ ሞት ለሕዝብ ሳይነገር በተደበቀበት በዚያ ዘመን፥ እቴጌዪቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው፥ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በዚያው አረፉ። የፖለቲካ ሥራቸውን የሚተቹ ብዙዎች ናቸው፤ በአስታማሚነታቸው ግን እኔ እንከን አላገኘሁባቸውም።

ማስታመም በትምህርት የሚገኝ ሙያ መሆኑን በቤተ መንግሥት ደረጃ ያሳዩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደት ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፥ ባለቤታቸው አቢይ አበበ ወለጋን ሲያስተዳድሩ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነት አረፉ። በስማቸው የተሠራው፥ በእንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ ያሰባሰቡለት ሆስፒታል፥ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው፥ የነርሶች ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሆስፒታል ግን ሕሙሙን የሚይዘው ለጥቂት ቀን ነው፤ የቀረውን ዘመን የሚይዘው ቤት ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት ቤቱም አልበቃም። የኤድስ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ በአዲስ አበባ ከአልጋ የማይነሡ ወጣቶች በየጓዳው ሞልተው ነበር፤ አስታማሚ ይሆኑ የነበሩት ራሳቸው ሕሙማን ሆነዋልና። ያን ጊዜ ለመቅበር የተቋቋሙት እድሮች ከቀብር በፊት ስላለው ነገር ማሰብ ጀመሩ፤ ቀባሪው ጧሪ ሆነ። ጓንትና ሳሙና በከረጢት ይዘው ከቤት ቤት የሚዞሩ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች በየሠፈሩ ታዩ። እነዚህ ሴቶች ከተማሩት ሁሉ የከበደው ቁስል ማጠብ አልነበረም፤ የደጁ ጎረቤት «ማንን ልትጠይቂ መጣሽ?» ብሎ ለሚያነሣው ጥያቄ ሳይዋሹም ሳይገልጡም መልስ መስጠት ነበር። የሕሙሙ ገመና በአስታማሚዋ እግር ዱካ ሊነበብ ይችል ነበርና፥ አንዳንዱ ቤት የሚጎበኘው ከመሸ በኋላ ነበር።

ዛሬ ሙያው ዋጋ ወጥቶለታል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923/2008 ደነገገ፤ በሳንሱሲ ቋንቋ «ሲኦሲ» የሚባለው ይኸው ማረጋገጫ ነው። የእኒያ አሮጊት ሴት ልጅ ቤይሩት ውስጥ የሌላ ሰው እናት በደመወዝ ታጥባለች፤ የላከችው ገንዘብ እዚህ የእናቷ መድኃኒት ይሆናል፤ የገዛ እናቷን ደግሞ ምራት ያለ ደመወዝ ታጥባለች። የብቃት ማረጋገጫው ወረቀት እጅ መታጠብን፥ አልጋ ማንጠፍንና መድኃኒት በሰዓቱ መስጠትን ይመዝናል፤ መመዘኑም ተገቢ ነው፤ ባልተማረ እጅ ስንት ሕሙም እንደ ተጎዳ እናውቃለን። እጅን ከነጠላው ሥር ማስገባትን የሚመዝን ፈታኝ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ሕሙም ልንጠይቅ ስንሄድ ለተኛው «እግዜር ይማርህ» ብለን፥ ስንወጣ ደግሞ አስታማሚዋን በር ላይ «ያበርታሽ» እንላታለን። ይህን መጣጥፍ ያነበባችሁ ሁሉ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ «ያበርታሽ» ማለቱ ይቆይና፥ ለአንድ ሌሊት ተክታችኋት አስተኟት።