ፍርሃት በልብ ወለዶቻችን፦ ከ«አልወለድም» እስከ «ኦሮማይ»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በአንድ የፎቅ ሕንፃ ሥራ ላይ ሳለሁ የአንድ ኮለን ስታፋ በፕላኑ ከታዘዘው በላይ ተራርቆ መታሰሩን አየሁ። በሥፍራው የነበሩት አዛውንት ፌራዮ ጉድለቱን አስቀድመው አውቀውታል። ስለ ምን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው ግራ ቀኙን ተመለከቱ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «ጎመን በጤና ነው፣ ልጄ» አሉኝ። በኋላ እንዳጫወቱኝ በ1970 ዓ.ም. ገና በጉርምስናቸው ታስረው ነበር። ያሰራቸው መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወድቋል፤ ከእርሳቸው ልብ ውስጥ ግን ገና አልወደቀም።

እንዲህ ያለው ፍርሃት በመዝገብ ቤት አይገኝም። የእስረኞች ስምና ቁጥር በሰነድ ሊሰፍር ይችላል፤ ሰው በገዛ ጎረቤቱ ፊት ቃሉን እንዴት እንደሚውጥ የሚያሳየን ግን ብዙውን ጊዜ ልብ ወለድ ነው። ይህንንም ለመጻፍ ደራስያኖቻችን ከባድ ዋጋ ከፍለውበታል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የሕግን ያህል ይሠራ ነበር። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት «አልወለድም» በእናቱ ማኅፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ሰው ገና ሳይወለድ የሚሸሸው ምን ዓይነት አገር ነው? መጽሐፉ ታገደ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባቀረቡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የመሳፍንቱን ሥርዓት ያለ ፍርሃት የሚነቅፈው ሰው «ጉዱ ካሣ» ተብሎ ከእብድ ተቆጥሯል። ሁሉም በሚፈራበት አገር የማይፈራው እንደ በሽተኛ መታየቱን ደራሲው በሚገባ ተረድተውታል።

ፍርሃት እንደ መንግሥት ሥራ በይፋ የተደራጀው ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን ነው። አስከሬን በጎዳና ተጥሎ ለሕዝብ እንዲታይ ይደረግ ነበር፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው እንዳያለቅሱ ይከለከሉ ነበር። በባህላችን ለቅሶ የሐዘን መውጫ በር ነው፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ያጽናናል፣ ሐዘንተኛውም ጮኾ ይወጣለታል። ያ በር ሲዘጋ ሐዘኑ ከነሕይወቱ በሰው ውስጥ ይቀበራል። ደራሲት መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት ልብ ወለድ፣ ሐኪሙ ኃይሉ በግርፋት የደቀቀች ወጣት ታካሚያቸውን ለአሳሪዎቿ ከመመለስ ይልቅ ሞትን ይመርጡላታል፤ ልጃቸው ዳዊት ደግሞ በየመንገዱ የተጣለውን አስከሬን ያነሣል። የተከለከለው ለቅሶ በእነዚህ ገጾች ሥፍራ አግኝቷል።

በዓሉ ግርማ ግን የጻፉት ሥርዓቱን ከውስጥ ሆነው እያዩ ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ፤ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻም በፕሮፓጋንዳው ሥራ ተሰልፈዋል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው «ኦሮማይ» ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ወደ አሥመራ ንግግር ከገባ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም «አበቃ፣ አከተመ» እንደ ማለት ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የጋዜጠኛው የፀጋዬ ኃይለ ማርያም ሕመም፣ በአደባባይ የሚያሰራጨው ቃልና በልቡ የሚያውቀው ነገር ከቀን ወደ ቀን እየተራራቁ መሄዳቸው ነው። እኛ መሐንዲሶች ይህን በብረት እናውቀዋለን፤ አንዱ ጭነት ብቻውን የማይሰብረው ዘንግ፣ ጭነቱ እልፍ ጊዜ ሲመላለስበት ደክሞ በድንገት ይበጠሳል።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራቸው ተሰናበቱ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። መኪናቸው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ተገኘች፤ አስከሬናቸው ግን አልተገኘም። ስለዚህም የተከለከለው ለቅሶ የደራሲውን የራሳቸውን ቤት አንኳኳ፤ ሞቱ ተብሎ እርም አይወጣ፣ አሉ ተብሎ አይጽናኑ። «ኦሮማይ» ግን ዛሬ በግልጽ ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025ም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ የደራስያን ብቻ አይደለም። በቢሮአችንና በሥራ ቦታችን «ዝም ማለት ይሻላል» የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣ ያስረዳናል። የፈራ ሠራተኛ ጉድለትን አይናገርም፤ ያልተነገረ ጉድለት ደግሞ በአርማታ ተሸፍኖ የሰው ሕይወት ይሸከማል። ፍርሃቱን በቁጣ ልናስወጣው አንችልም፤ ቁጣ የቀድሞውን አሳሪ ያስታውሳልና።

ያ ስታፋ ተፈትቶ እንደገና ታሰረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው አዛውንቱን «ዛሬ ያዩት ጉድለት አለ ወይ?» እያልሁ እጠይቃቸው ነበር። ለብዙ ሳምንታት መልሳቸው «ደኅና ነው» ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳልጠይቃቸው ጠሩኝ፤ ግራ ቀኝም አላዩም።