«አጃኢብ»፦ የአንድ ቃል ጉዞ

ቃላትም እንደ ነጋዴ አገር ያቋርጣሉ። የአድናቆት ድምፅ የሆነው «አጃኢብ» ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ «ድንቆች» ነው፤ አልቀዝዊኒ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ፍጥረታት ለጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ የርዕስ መነሻ አድርጎታል። የዐረብኛን ቃላት ወደ አገራችን ያዘለቁት በተለይ ንግድና የእስልምና ትምህርት ናቸው።

በግዕዝ ድንቅ «መንክር» ይባላል፤ ሥሩም «ነኪር»፣ ማለትም ባዕድ፣ ከሚለው ጋር አንድ ነው። የጥንቱ ቋንቋ እንግዲህ አስደናቂውን ከእንግዳው ጋር አዛምዶታል።

የጅቡቲ ሐዲድ ያለፈባት አዳማ፣ በስተደቡብም መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ የብዙ ቋንቋዎች መገናኛ ናቸው። በእነዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አማርኛ ተናጋሪው «ድንቅ»፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዲንቂ» ሲሉ ይግባባሉ፤ «አጃኢብ» ግን የሁለቱም ነው። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ቃል በሁለቱም ቤት ቤተኛ ሆኗል።